በአዲስ አበባ በኩል የተቆረጠልኝ ትኬት

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፦ ልጄ ቺካጎ ሆስፒታል ተኝታ ስትጠራኝ፣ የአሜሪካ ቪዛ በእጄ እያለ፣ ከጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ተመለስኩ። ያስመለሰኝን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የገባችው የልጅ ልጄ መንገዱን ሁሉ በስልኳ አይታልኝ ነበር። ጆሃንስበርግ ዳር ባለው ሰፈራችን ኮዝሞ ሲቲ፣ ከሱቃችን ጀርባ ተቀምጠናል።

«ጎጎ» አለችኝ፤ አያት ማለቷ ነው፣ ከደንበኞቻችን የለመደችው። «ቀጥታ ኒውዮርክ ትገቢያለሽ። ከዚያ ቺካጎ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ነው። አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ትችይዋለሽ?»

«የዚህን አገር ታክሲ ስጋፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አውቶቡሱ ይፍራኝ!»

ሳቅን። ግን አልሰማኋትም። በእኛ ዘንድ ትኬት የሚቆረጠው ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ወንድም እያለ ከስልክ መግዛት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ዮቪል ሰፈር የጉዞ ቢሮ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን ሄድኩ። ፓስፖርት የለኝም፤ ያለኝ ለስደተኛ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ከቀዶ ጥገናዋ በፊት ልደርስላት ይገባል» አልኩት።

«አይዞዎት እማማ! በአዲስ አበባ አድርገው ቺካጎ ዱብ ነው። ምን አውቶቡስ ያንገላታዎታል?»

እንግሊዝኛ አላነብም። አመንኩት።

አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የምትመዘግበዋ ሴት ሰነዴን ገልጣ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ይላል። ከአገሬ ሸሽቼ ያገኘሁት ወረቀት በአገሬ በኩል አያሳልፈኝም። ለሁለት ሰዓት እንኳ። ሻንጣዬን ከሚዛኑ ላይ ራሴ አወረድኩት። ለልጄ የሠራሁላት ሹራብ ውስጡ ነበር።

ወደ ኒውዮርክ ቦታ የተገኘው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ልጄ በሁለተኛው ቀን ለቀዶ ጥገና ገብታ ሳትነቃ ቀረች።

የደረስኩት ለቀብሯ ነው። ከኒውዮርክ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ሹራቡን ታቅፌ፣ በመስኮት የማላውቀውን አገር እያየሁ። መንገዱ አልከበደኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ እችለው ነበር።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ሊያጽናኑኝ መጡ። «የጌታ ፈቃድ ነው፣ እህታችን» አሉኝ።

«ትኬቱን የቆረጠው ጌታ አይደለም» አልኳቸው። ጸሎታቸውን አድርሰው ወጡ።

ያ ትኬቱን የቆረጠልኝ ወንድም ሁለት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በሌላ በር ወጣ። በሦስተኛው እዚያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ይቅርታህን አልፈልግም» አልኩት። «ሰነዱን ጠረጴዛህ ላይ አኖርኩልህ። ለምን አላነበብከውም?»

መጽሐፍ ቅዱሱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«አልገለጥኩትም እማማ» አለኝ። «ሐበሻ ሁሉ በአዲስ አበባ ነው የሚሄደው። እርስዎንም እዚያው አስገባሁዎት።»