ብቻዬን በመቀመጤ ሽማግሌ ተሰበሰበብኝ

ትናንት ከቸርች መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ተሰየሙ። የጠራቸው ባሌ ተስፋዬ ነው። ልጆቼን ጥዬ አልጠፋሁም፣ ከሰው አልተጣላሁም፣ ከቤት የጎደለ ነገር የለም... ጥፋቴ መኪና ውስጥ ብቻዬን መቀመጤ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በስደት አገር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሱቅ አለን፣ የምንኖረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ገና ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ፈላጊው ፍርግርጉን በሳንቲም ይደበድባል። ከዚያ ልጆች ማልበስ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ምሳ፣ ልብስ፣ ሱቅ... ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ እንኳ ከስር ትንንሽ ጣቶች ብቅ ይላሉ። «ማሚ፣ እዛ ነሽ?» የት ልሄድ!

ሥራ የሚበዛባት እናት እንዴት ትረፍ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ነበር። ማሳጅ ግቢ፣ ሆቴል እደሪ ይላል። ይቀልዳሉ እንዴ?

ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። በሳምንት አንዴ ከተማ ወርጄ የሱቅ ዕቃ የማመጣው እኔ ነኝ። ስመለስ ባኪዋን፣ ዕቃ የምጭንባትን ፒካፕ፣ ሞል ፓርኪንግ ጥግ ላይ አቆማታለሁ። አንድ ኮታ እገዛለሁ፣ ያ ዳቦው ውስጥ ቺፕስና ቋሊማ የሚጠቀጠቅበት። ማንም «አንዴ አጉርሺኝ» ሳይለኝ እስከ መጨረሻው እበላለሁ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቅቄ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በቃ ይኸው ነው። ሳምንቱን የምችለው ግን በዚያች አንድ ሰዓት ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ተጋድሜ የመጨረሻዋን ቺፕስ እያላመጥኩ ሳለ መስታወቱ ተንኳኳ። እህት ብርሃኔ ናት፣ የቸርቻችን የሴቶች ኅብረት መሪ።

«ምሕረትዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አረፍ ብዬ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን ለቅሶ ቤት እንኳ አይታይም። «ማንን እየጠበቅሽ ነው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ማንንም አልኳት። አላመነችም። እጇን ዝቅ ባደረግሁት መስታወት አስገብታ ግንባሬ ላይ ጫነችና ሰው እያየን በኢየሱስ ስም ገሠጸች። እኔ አፌ ውስጥ ቺፕስ አለ!

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ተስፋዬ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን «ሰው ምን ይላል» የሚባል በሽታ አለበት። «ቤት እያለሽ መንገድ ላይ የምትተኚው እኔ ምን በድዬሽ ነው?» ብሎ አኮረፈ። ቀጥሎ ስልክ አነሳ።

እና ሽማግሌዎቹ መጡ። እህት ብርሃኔም ምስክር ሆና መጣች። ለሽምግልና የመጣ ሰው ደግሞ ሳይበላ አይነሳም። ስለዚህ ደከመኝ ማለቴን ለሚመረምሩ ሰዎች ከቸርች እንደገባሁ ቀሚሴን ሳልቀይር ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሥጋ ጠበስኩ፣ ሻይ አፈላሁ። የዋናው ሽማግሌ የጋሽ ሔላሞ አበላል... ይቅር፣ አልነግራችሁም። አጥንቱን እስኪያፏጭ መጠጡት። ቅፍፍ አለኝ።

ጣታቸውን ልሰው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ችግርሽ ምንድነው?»

«ደክሞኛል ጋሼ።»

«ማን ያልደከመው አለ?» ስንጥር ጥርሳቸው ውስጥ ሰኩ። «ቤትሽ ማረፍ ስትችዪ...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ትንሿ ልጄ ጀርባዬ ላይ ወጣች። ከሱቁ በኩል «ሲሲ! ብሬድ!»፣ «እህቴ! ዳቦ!» የሚል ጩኸት መጣ። ተስፋዬ ከሶፋው ንቅንቅ ሳይል «ምሕረት፣ ደንበኛ!» አለኝ። ልጄን እንዳዘልኩ ሄጄ ዳቦውን ሸጬ ስመለስ አራቱም እንግዶች ባዶ ብርጭቆ ይዘው እየጠበቁኝ ነው። እንደገና ቀዳሁ።

ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀ። «እሺ፣ ተስፋዬ በየእሁዱ ጄፒ ሐበሻ ሰፈር ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር እስኪመሽ ሲጫወት፣ ሽማግሌ የጠራሁበት ጊዜ አለ?» አልኩ።

ጋሽ ሔላሞ ሳቁ። «እሱማ ከሰው ጋር ነው! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ብቻዋን የምትቀመጥ ሴት ግን ከሰይጣን ጋር ነው የምታወራው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌም ነቀነቀ። አስጠላኝ። ሳሎኑም፣ የሥጋው ሽታም፣ የስንጥሩ ድምፅም፣ ያ የሚነቀነቅ ራስ ሁሉ አስጠላኝ።

ተመካክረው ፍርድ ሰጡ። «ማረፍሽን አንከለክልም፣ እረፊ። ብቻሽን ግን አይሁን። እህት ብርሃኔ አብራሽ ትሂድ።»

«አየሽ፣ ፈረዱልሽ!» አለ ተስፋዬ ደስ ብሎት።

«ልጆቹንም ይዘናቸው እንሄዳለን!» አለች እህት ብርሃኔ። «እኔም የማጫውትሽ ብዙ አለኝ።»

ጸለዩ፣ ባረኩኝ፣ ሻይ ደገሙና ወጡ። ተስፋዬም ሊሸኛቸው ብሎ አብሯቸው ጄፒ ወረደ። ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ተደፉ። እኔ ያ ሁሉ ሳህን፣ ያ ሁሉ ብርጭቆ፣ ያ የረጋ ሞራ ፊት ቆምኩ።

እዚያ ጋ ብቻዬን ስቆም ግን፣ ሰይጣን ያናግራታል ብሎ የሰጋልኝ አንድም ሰው አልነበረም።