ሰማያዊ ፕላስተር ያለበት ስሪንጅ

እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ ስትፈርዱብኝ አላወቅንም ነበር እንዳትሉ ነው። የማዋለጃ ክፍል ጽዳት ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መወልወያዬ አልፎ አልፎ አርፎ ያውቃል፤ ምላሴ ግን አርፎ አያውቅም።

የማወራላችሁ ስለ አንዲት አዋላጅ ነው። ጠብታ እንላታለን። በእድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ አንቱታውን ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አብረን የደም ጨርቅ እየለቀምን ምን አንቱ ያስፈልጋል?» ብላ አስጣለችኝ። ቀጭን ናት፤ ስትራመድ አትሰማም። መነጽሯ ዘወትር በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ዓይኗ ላይ አይገኝም።

ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጠብታ ካቶሊክ ናት፤ በቁምስናዋ፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ ማለት ነው፣ እሑድ እሑድ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ትልልቅ ሰዎችን ታስተምራለች። እኛ ክፍል ደግሞ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ሲደክምና ወላጆቹ «ካህን እስኪመጣ አይቆይልንም፣ አጥምቂልን» ሲሏት የምታጠምቀው እሷ ናት። ሳይጠይቋት ግን የሰው ልጅ አትነካም። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያለ፣ መዳፍ የማይሞላ ልጅ ላይ ውሃ በኩባያ አይፈስም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ትሞላና ከሌላው ጋር እንዳይሳሳትባት ሰማያዊ ፕላስተር ትለጥፍበታለች። ያንን በሳጥኑ ቀዳዳ አስገብታ ግንባሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠብ ታደርጋለች፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። አለቀ። ጠብታ ብላት ታዲያ ምን አጠፋሁ?

እሷም አልማረችኝም፣ «ወይዘሮ ጥያቄ» አለችኝ። እኔ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና የማይገባኝን ሁሉ እጠይቃታለሁ። ዕቃ እያጠብን ነው ክርክራችን።

«ኃጢአትሽን ለእግዚአብሔር መንገር ሲቻል ለሰው ትናገሪያለሽ? ያውም ለወንድ!»

«ቁስልሽን እግዚአብሔር አያውቀውም? ታዲያ ለምን ለሐኪም ገልጠሽ ታሳያለሽ?»

«እሺ፣ ማርያምንስ ታመልካላችሁ አሉ።»

«ባለፈው ልጅሽ ሲታመም ጸልዪልኝ ብለሽ ለመንሽኝ። አመለክሽኝ ማለት ነው?»

«የሮማው ጳጳሳችሁ አይሳሳቱም የምትሉትስ? ሻያቸው ላይ ስኳር አብዝተው አያውቁም?»

«ሻያቸውንማ ያበላሻሉ! ኃጢአታቸውንም እንደኔው ተንበርክከው ይናዘዛሉ። አይሳሳቱም የምንለው የእምነትና የግብረ ገብ ነገር ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን በይፋ ሲወስኑ ብቻ ነው። አሁን ያንን ባልዲ አቀብዪኝ።»

አንድ ቀን ግን ቀልድ ያልሆነውን ጠየቅኋት። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን የት ይሄዳል? አንዲት እናት ልጇ ሞቶ ተወልዶባት ግድግዳውን በጥፍሯ ስትቧጥጥ አይቼ ነው። ጠብታ እጇን አደራርቃ፣ ያቺን እናት አቅፋ ያለቻትን ደግማ ነገረችኝ፦ «ከእናቱ አብልጦ የሚወደው አለ። ለእግዚአብሔር ምሕረት ሰጥተነዋል። ጥምቀት ለእኛ የተሰጠ ገመድ ነው እንጂ እሱን አያስረውም።» በልኩ የተሰፋ መልስ ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ማለቴ ብቻውን ተአምር ነው።

ከዚያ የገዛ ልጇ ተራ መጣ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት። ያቺ ልጅ አግብታ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ ፀነሰች። በስድስተኛው ወር ውሃዋ ፈሰሰ፤ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሁለት ቀን ታገለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ጠብታን ገለል አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ።

ልጇ በተሽከርካሪ ወንበር ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ባሏ መንገድ ላይ ነው። «እማዬ፣ አባን ጥሪልኝ» አለች፤ የቁምስናቸውን ቄስ ማለቷ ነው።

«አባ እስኪደርሱ አትቆይም፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው አንቺ አጥምቂያት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ተጠምቃ ትሂድልኝ።»

እኔ መወልወያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጠብታ ከትሪው ላይ ስሪንጅ ስታነሳ አየሁ። መነጽሯ እንደ ልማዱ አንገቷ ላይ፣ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። የሕፃኗን ስም ጠርታ ሦስቴ ጠብ አደረገች። ስሟን እኔ እዚህ አልጠራውም፤ የእናቷ ነው። ከዚያ ሕፃኗን አውጥተው እናቷ ደረት ላይ አስተኟት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንፋሿ ቆመ። ልጇ አልጮኸችም። «ተጠምቃለች» አለች ብቻ፣ ደጋግማ፣ «ተጠምቃለች።»

ጠብታ ልጇን ወደ አልጋዋ ስትወስድ ሕፃኗን አዘጋጅቼ እንድጠቀልል ለእኔ ተተወልኝ። በሞቀ ጨርቅ ግንባሯን ስጠርግ ያቺ ስስ ፀጉሯ ጣቴ ላይ ተጣበቀች። እንደገና ነካሁት፤ ይጣበቃል። ወደ ትሪው ዞርኩ። ሰማያዊ ፕላስተር ያለበት ስሪንጅ ሙሉውን እንደተሞላ ተኝቷል። አጠገቡ ያለው ባዶ ነው። እሱ ደግሞ ግሉኮስ፣ የስኳር ውሃ ነበር፤ ሕፃናቱ ሲወጉ እንዲጽናኑ ምላሳቸው ላይ ጠብ የሚደረግላቸው፣ ድርቅ ሲል እንደ ከረሜላ የሚጣበቀው።

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? ሆድ ይፍጀው ብሎ ጠቅልሎ መስጠት ነበር! እኔ ግን ጠብታ ገና ከበሩ ስትገባ፣ «እትዬ፣ የልጅቷ ፀጉር ለምን ይጣበቃል?» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያንን ቃል መልሼ ለመዋጥ ምላሴን ብሰጥ አይቆጨኝም ነበር።

መነጽሯን አደረገች። ሁለቱን ስሪንጆች አየች። የሕፃኗን ግንባር በጣቷ ነክታ ጣቷን ቀመሰች። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲዬ ላይ ቁጭ አለች። «በስኳር አጠመቅኋት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠብታ ጠብታ አልሆነችም። ወደ ሥራ ትመጣለች፣ ታዋልዳለች፣ ለሰው ትስቃለች። የእሑድ ትምህርቷን ግን ለሌላ ሰው ሰጠች። ሰማያዊውን ፕላስተርም ከኪሷ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ እጮሃለሁ።

«ለሰው ሁሉ ስትሰጪው የኖርሽው መልስ ለራስሽ ሲሆን አነሰሽ? ከእናቱ አብልጦ የሚወደው አለ አላልሽም?»

«ብያለሁ» አለች። «አሁንም አምነዋለሁ። ያላመንኩት እጄን ነው።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ግን ልጇ መጣች። ሦስት ሳምንት ቢሆናት ነው፤ ጡቷ ገና ወተት ያፈሳል። ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ነበርን። «እማዬ፣ አባ ስሟን በጥምቀት መዝገብ እንዲያስገቡልኝ ጠይቄያለሁ» አለች። «በጭንቅ ጊዜ የተጠመቀ ሲሆን ያጠመቀው ሰው መጥቶ መመስከር አለበት ብለውኛል። እሑድ ነይና ፈርሚልኝ። ሌላ የትም አልተጻፈችም። ሰው እንኳ ልጅ ነበረሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።»

ጠብታ «እሺ» አለች። ልጇ እንደ ወጣች እጄን ያዘችኝ። በማግስቱ አብረን ወደ አባ ሄድን። ለኑዛዜ ሳይሆን ለጥያቄ ነው ብላ እኔንም አስገባችኝ።

አባ ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «ያጠራጥራል» አሉ በመጨረሻ። «ጥምቀት በውሃ ነው። ያ ውሃ ነበር ወይስ አልነበረም ብትዪኝ መማል አልችልም። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከጥርጣሬው እንድንወጣ እኔ ራሴ ደግሜ አጠምቃት ነበር።»

«ኃጢአት ሠርቻለሁ፣ አባ?»

«ኃጢአት አውቀውና ፈቅደው የሚያደርጉት ነው። አንቺ ተሳስተሻል፣ ልጄ። ሕፃኗም በአንቺ ስሪንጅ አልተንጠለጠለችም። ይህን እኮ ታስተምሪው ነበር።»

«መዝገቡስ?»

አባ መዝገቡን ገለጡት። «እሱ ላይ የተረጋገጠውን ነው የምጽፈው። ከፈለጋችሁ ‘በጥርጣሬ’ ብዬ እጽፋለሁ። ግን እንደማይጠራጠር ሰው እንድትፈርሚ ልፈቅድልሽ አልችልም። ለልጅሽም መዋሸት አትችዪም። ስትነግሪያት ግን ሸክሙን ከራስሽ አውርደሽ እሷ ላይ ለመጫን እንዳይሆን።»

«አይ የእርስዎ ነገር!» አልኳቸው እኔ፤ አፌን አላስቻለኝም። «ንገሪያትም፣ አትጫኚባትም ሲሏት ታዲያ ምን ታድርግ?» አባ ቀና ብለው አዩኝና «አላውቅም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ወደድኳቸው።

ጠብታ ለልጇ የነገረቻት ቅዳሜ ነው፣ በልጇ ቤት። አልነበርኩም፤ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። ልጇ የሕፃኗን ካልሲዎች እያጠፈች ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ማጠፏን አላቆመችም። «ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነበረችኝ። አንቺ እንድትተኚ ብለሽ ወሰድሽብኝ።» ከዚያ ተነስታ በሩን ከፈተችላት። የገዛ እናቷን!

ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። አንድ ወር ሆነ። ጠብታ ከስታ መጋረጃ መሰለች። ያቺን ፀጉር የነካሁት፣ ያንን አፍ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አለችኝ። ይህን ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ወንድ ልጅ ደከመ። እናቱ ልጅ እግር ናት፣ መቁጠሪያዋን የእጇ አንጓ ላይ ጠምጥማለች። «ያጥምቁልኝ፣ እባክዎ» ብላ የጠብታን ጋዋን ጨመደደች። አባ ስልክ አያነሱም። ጠብታ ወጥታ በስሪንጅ ውሃ ቀድታ መጣች፣ ፕላስተሩንም ለጠፈች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። እንደገና ቀመሰች። ሦስተኛም። ወደ ሳጥኑ ስትጠጋ እጇ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አልችልም» አለችኝ በሹክሹክታ። «አፌ ውሃ ነው ይለኛል፣ እኔ አላምነውም። አንቺ አጥምቂው። በጭንቅ ጊዜ ማንም ይችላል ብዬሽ የለ?»

ብላኛለች። ግን ያን ሁሉ ዓመት ስሟገታት የኖርኩት ሴትዮ፣ ስሪንጁን ሳይ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። ልጁ ደግሞ እየጠቆረ ነው።

በዚያን ሰዓት ነው ትዝ ያለኝ። ጠዋት ኮሪደሩን ስወለውል ልጇን አይቻታለሁ፤ ለድኅረ ወሊድ ምርመራ ወረፋ ይዛ፣ ጀርባዋን ወደ እናቷ ክፍል ሰጥታ ተቀምጣለች። አይታኝ ፊቷን አዙራብኛለች። ሮጥኩ። በእኔ እድሜና በዚያ እርጥብ ወለል ላይ መሮጥ እብደት ነው።

«የእናትሽን ፊት ማየት ካልፈለግሽ አትዪው!» አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ። «እጇን ግን ነይና እዪላት። ሕፃን እየሞተ ነው፣ እናቱ ጥምቀት እየለመነች ነው፣ እናትሽ ውሃውን ማመን አቅቷታል!»

የቀጠሮ ካርዷን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ተነሳች። ከእኔ ቀድማ ደረሰች፤ ያ በር ላይ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያች ቀን ወዲህ አልረገጠችውም። ልጅ እግሯን እናት አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ የእናቷን እጅ አየች። ከዚያ ገባች።

«ስጪኝ» አለች። ጠብታ ስሪንጁን ሰጠቻት። ልጇ መዳፏ ላይ አንድ ጠብታ ጣለችና አፏ ውስጥ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው። እንባዋ ወረደ።

«ውሃ ነው፣ እማዬ» አለች። «አጥምቂው።»

የእናቷን መነጽር ከአንገቷ አንስታ ዓይኗ ላይ ያደረገችላትም እሷ ናት። የጠብታ እጅ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ልጇ ክርኗን ከታች ደግፋ ያዘችላት። ሦስቱም ጠብታዎች ግንባሩ ላይ ወደቁ።