ምርቃቱ የት ይሁን?

ጎረቤታችን ግድግዳውን ኖራ ሲቀባ ሽታው ወደ መርሳ ከተማ፣ ጦርነቱ ወዳለፈበት ዓመት መለሰኝ። የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ጣሪያው ተበሳስቶ፣ ወንበሮቹ ተዘርፈው ነበር። የእህቴ ክፍል ተማሪዎች የት ይመረቁ ተብሎ ወላጆች ግቢው ውስጥ ሲሰበሰቡ አባቴን ተከትዬ ሄድኩ።

"ልጆቹ በዚህ ፍርስራሽ መሀል አይመረቁም፤ ወልዲያ አዳራሽ እንከራይ" አለ አባቴ። ብዙዎቹ ተስማሙ።

የእህቴ የክፍል ጓደኛ የሰይድ እናት፣ እትዬ ዘይነባ፣ ከኋላ ተነሡ።

"ወልዲያ ከሄዳችሁ ሰይዴ አያገኛችሁም። እሱ የሚያውቀው ይህን ግቢ ነው።"

አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ "እንዳሉት ይሁን እትዬ፤ እዚሁ ይመረቃሉ" አለ። በሳምንቱ ወላጆች ራሳቸው አዳራሹን ጠርገው ኖራ ቀቡት።

ሰይድ በጦርነቱ መሞቱን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። በምርቃቱ ቀን፣ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። ስሙ ሲጠራ እናቱ ወጡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸው ላይ ሲያስነኩት አዳራሹ በሙሉ ቆመላቸው። ያኔ ገባኝ።

እትዬ ዘይነባ ዛሬም በየዓመቱ ለምርቃት ይመጣሉ። ጥሪ የሚልክላቸው የለም፤ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ግን ሁሌም ይያዝላቸዋል።