ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» አይባልም

በሕይወቴ ቂም የያዝኩት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በእስራኤሏ ከተማ በአሽቀሎን፣ ከሚግዳል ገበያ ጀርባ በነበረ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ላይ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ሁለተኛው ክረምት ነበር። እናቴን ደረቷን ይወጋት ጀመር፤ አቲቆት ሰፈር ወዳለው ቤታችን ደረጃ ስትወጣም ትንፋሽ ያጥራታል። እኔ ዕብራይስጥ ትምህርት ላይ ስለነበርኩ ብቻዋን ሄደች። ሐኪሙ «ማ ሽሎሜኽ?» ብሎ ደህንነቷን ቢጠይቃት፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በምታውቃት ጥቂት ዕብራይስጥ ደህና መሆኗን ገልጻ ፈጣሪዋን አመሰገነች። በእኛ ዘንድ ይህ የወግ መግቢያ ነው፤ ሕመም የሚነገረው ጠያቂው ደግሞ ሲጠይቅ ነው። ሐኪሙ ግን ደግሞ አልጠየቀም፤ አሰናበታት።

በማግስቱ አስተርጓሚ ሆኜ ይዣት ሄድኩ። አስተዳዳሪው፣ ትናንት ታይታለች፣ ጤነኛ መሆኗን በአፏ ተናግራለች ብሎ ከለከለን። ጎንደር ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና፣ መታከም መብቷ መሆኑን ረጋ ብዬ አስረዳሁት።

«የትኛው ሕገ መንግሥት ላይ አነበብከው፣ አዶኒ?» አለኝ እየሳቀ፤ «ጌታዬ» ማለቱ ነው። «እዚህ አገር ሕገ መንግሥት የለም።»

እውነቱን ነው፣ የለም። እኔም በመጣሁበት አገር ሕገ መንግሥት ሲታወጅም ሲሻርም አይቻለሁ፤ በሽተኛ አልጋ ሲያገኝበት ግን አላየሁም። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ሳቁን ላስከፍለው ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ በአቲቆትና በሺምሾን ሰፈሮች ያሉትን የአገራችንን አረጋውያን ሰብስቤ አስጠናኋቸው። ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» አይባልም፤ ሕመም ከራስ ቅል ተጀምሮ እስከ እግር ጣት ይነገራል፤ ሳይመረመሩ ከወንበር አይነሡም።

አንዲት እማማ፣ «ፈጣሪዬን ሳላመሰግን?» ብለው ተቆጡ።

«ሲወጡ ያመሰግኑታል፣ እማማ።»

እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነውና፣ ጠዋት ሁሉም ክሊኒኩ መጡ፤ ወረፋው ገበያው ድረስ ዘለቀ። እኔም ከሐኪሙ ጎን ቆሜ፣ አንዲት ቁርጥማት ሳላስቀር፣ ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። አስተዳዳሪው ላብ አጥምቆት ሲመላለስ ማየት ጣፋጭ ነበር፤ ዛሬም ይጣፍጠኛል። ቀትር ላይ፣ ሰዎቼ እንዲያሳጥሩ እንድነግርለት ለመነኝ። አስቀድሞ እናቴ ትታይ አልኩት። ታየች፤ ሕመሙ የልብ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል እንድትተኛ ታዘዘ።

አምቡላንሱ ዘንድ አስተዳዳሪው ጎንበስ ብሎ ደህንነቷን ጠየቃት። እናቴ እጁን ይዛ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ፤ ክፉ አይንካህ» ብላ መረቀችው።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ደረቴን ይወጋኛል ነው የምትለው» አልኩት። ያን ቀን ሳልተረጉም የቀረሁት ያንን ምርቃት ብቻ ነው።