የወንድሜ ቀኝ እጅጌ

የገበያ ቀን ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድን። ኮቱ የሚሰፋው ለሠርጉ ነው። እሱ ግን ከሠርጉ ይልቅ የተጨነቀው ለእጅጌው ነበር።

በዚያ ዘመን የእጅጌ ልክ እጅን አውርዶ አይታይም። ጣሊያን ባለፈ ቁጥር ቀኝ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው። በወረደ እጅ የተለካ ኮት ደግሞ እጅ ሲነሣ ወደ ክርን ይሸሻል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ገና በክር የተያዘውን ኮት ያለብስና «አንሣ!» ይላል። የእጅ አንጓ ካልታየ፣ ልክ ነው።

ወንድሜ አነሣ።

«ልክ ነው፤ አንጓህን ሸፍኖታል» አለ ልብስ ሰፊው።

«ጨምር።»

«ምኑን ልጨምር? ጣትህን ልትቀብር ነው?»

«አዎ። ሰላምታውን እጅጌው ይስጣቸው። እጄ የለበትም።»

ልብስ ሰፊው ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። አንድ የጣሊያን ወታደር ቆሟል። አማርኛ አያውቅም መሰለኝ። የተነሣው እጅ ለሱ መስሎት እሱም አነሣ። ወንድሜ ወታደሩ ሳይሄድ ማውረድ ፈራ። ወታደሩም የወንድሜ እጅ ሳይወርድ መሄድ አሳፈረው። ተፋጠው ቆሙ። ልብስ ሰፊው ብልሃት ቢያጣ ሜትሩን አንሥቶ የተዘረጋውን ክንድ ይለካ ጀመር። ያኔ ወታደሩ ገባው። ፊቱ ቀልቶ ሄደ።

ስንስቅ ቆየን።

«እሺ፣ ቀኙን እጨምርልሃለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሙሽራዋ ግን እጅህን ፈልጋ አታገኘውም።»

«ለሷማ እጠቀልለዋለሁ!»

በማግስቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ ደጀን ወረደ። መኪናው ሉማሜ ሳይደርስ ተገለበጠ። ማታ አመጡልን። ከዚህ በላይ... እሱን መጻፍ አልችልም።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ከቀብር መልስ ልብስ ሰፊው ኮቱን ሰፍቶ፣ እያለቀሰ መጣ። እኔ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። አክስቴ ደረቷን እየደቃች ቀረበች።

«ወይኔ የኔ ሙሽራ! ወይኔ የኔ ሸጋ! ... ምነው ቀኙ ረዘመ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«እውነትም ረዝሟል» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሰፊው ጠጥቶ ነው።»

«እሱ ነው ያዘዘኝ! እግዜር ያውቃል!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ደግሞ በሙት ታላክካለህ?» አሉት ሽማግሌው።

ልብስ ሰፊው አየኝ። እኔም አየሁት። ከለቀስተኛው መሀል ማን ለጣሊያን እንደሚያወራ አይታወቅም፤ ዝም አልን። ግማሹ እጅጌ እየለካ፣ ግማሹ እያለቀሰ መሸ። አባቴ ጠሩኝ።

«ነገ ወስደህ አስቆርጠው። ልጄ መሳቂያ አይሆንም።»

ጠዋት ኮቱን ይዤ ወጣሁ። በእጄ መያዝ ከበደኝ፤ ለበስኩት። ልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ ስደርስ አንድ የጣሊያን መኮንን መጣ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ አነሣሁ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ታጠፈና ተንጠለጠለ። መኮንኑ ጨርቁን አየ። ቀጥ ብሎ ቆመና ለጨርቁ ሰላምታ መለሰ።

እጄ ከውስጥ ተጨብጣ ነበር።

ሱቁ ክፍት ነው፤ መቀሱም ይታየኛል። አልገባሁም። ወደ ቤት ተመለስኩና ለአባቴ «ልክ ነው» አልኳቸው።