ከነዶዘሩ የተሰጠኝ ቦታ

አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች ሰሞን ሰው ሁሉ ቦታ ይመራ ነበር። የእኔ ተራ ደርሶ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም ከእኔ በፊት አራት ሰው አይቶ ጥሎታል። መሃሉ ላይ ቡልዶዘር ቆሞበታል። አንዱ ሰንሰለቱ ወልቆ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ በጭስ ማውጫው ሣር በቅሏል፣ መቀመጫውን ምስጥ በልቶ ጨርሶታል።

«ማንሳት አንችልም፤ ከፈለግህ ከነዶዘሩ ውሰደው» አለኝ ቦታ የሚያድለው ሰውዬ።

ፈለግሁ። ደብዳቤው ላይም «ከነዶዘሩ» ተብሎ ተጻፈልኝና ማኅተም ተመታበት። ያኔ ማኅተሙ አዲስ ስለነበር የማይመታበት ወረቀት አልነበረም።

ለሰውዬው ያልነገርኩት ነገር ቢኖር ዶዘሩን ማወቄን ነው። በደርግ ጊዜ ለሰፋሪዎች መሬት ሲመነጠር ከጎጃም የመጣሁት በእሱ ኦፕሬተርነት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ፈረሰ፣ አለቆቼ በየአገራቸው ተበተኑ፣ ዶዘሩ ሰንሰለቱ በወለቀበት ቀረ። እኔን ደግሞ ጽሕፈትህ ያምራል ብሎ አዲሱ ክልል መዝገብ ቤት አስገባኝ። ያን ሁሉ ብረት ሲያሽከረክር የኖረ እጅ ፋይል ላይ ክር ሲያስር ይውላል። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ በትርፍ ጊዜዬ ዶዘሩን አስነስቼ ለክልሉ ማስረከብ፣ ከዚያ ኦፕሬተር ሆኜ ወደ ሆሞሻ ወይም ወደ ኩርሙክ መንገድ ሥራ ውልቅ ማለት።

ለመውጣት የቸኮልኩበት ምክንያት ግን ፋይሉ አልነበረም፤ ጎረቤቴ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት የበርታ ብሔረሰብ አዛውንት ናቸው። ገና ቤት ሳልሠራ፣ ቦታዬን ለማየት በሄድኩበት ጠዋት አወቅኋቸው። በዚያ ዘመን አሥራ አንድ የማንጎ ዛፋቸውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቀያሹ ችካል ተከለ፣ እኔ ገፋሁ። ዛፉንም አፈሩንም አንድ ላይ ጠርጌ ከቤታቸው ደጃፍ ፊት ለፊት ከመርኩትና ሄድኩ። ክምሩ እስካሁን አለ። ዛፉ በስብሶ አፈሩ ቀርቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እሱን ይመታና ተመልሶ ቤታቸው ይገባል። ከልጆቻቸው ጋር ቦይ በዶማ ሲቆፍሩ አያለሁ። ዝናቡ ይደፍነዋል፣ ደግመው ይቆፍራሉ።

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አያለሁ። በዶዘር የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነም አውቃለሁ። አፍሬም ፈርቼም ዝም አልኩ።

ገና ሞተሩን መፍታት በጀመርኩበት ሳምንት አጥሩን ዞረው፣ በአንድ እጃቸው የሻይ ፔርሙዝ፣ በሌላው ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ።

«ይሄ መካና አንተ ያውቃል?» አሉኝ ዶዘሩን እየጠቆሙ።

«አላውቅም አባባ። መጽሐፍ እያየሁ ነው የምሞክረው» አልኩ።

ውሸት ሲዋሹ እንዲህ ያለ ውሸት መምረጥ ድድብና ነው። መጽሐፍ የለኝም። ስለዚህ የልጄን የሳይንስ መጽሐፍ ሰንሰለቱ ላይ ዘርግቼ፣ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ እያየሁ የናፍጣ ፖምፓ እፈታ ጀመር። አዛውንቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ሻይ ይቀዳሉ። ሥዕሉን ከሩቅ አይለዩትም ብዬ ነበር።

አንድ ቀን የሰንሰለቱን ፒን በመዶሻ ስመታ አውራ ጣቴን አገኘሁት። «አንተ የጅብ እራት!» ብዬ በዶዘሩ ላይ ጮኽኩበት። ከልጅነቴ ጀምሮ እንቢ ላለኝ ነገር ሁሉ ይቺን ነው የምለው፤ ለበሬም ለሞተርም ለስቴፕለርም። አዛውንቱ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ትክ ብለው አዩኝ።

«ሻይ ጠጣ» አሉ ብርጭቆዬን እየሞሉ።

ጠጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ቅዳሜና እሑድ ቀርተው አያውቁም። መፍቻ ያቀብላሉ፣ ብሎን በናፍጣ ያጥባሉ። አንድ የጎማ ቱቦ አጥቼ ሁለት ወር ስቆም ኩርሙክ ወዳለ ነጋዴ ዘመዳቸው ላኩ፤ ቱቦው ከሱዳን ተሻግሮ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሰንብቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። እኔ ይህን ሁሉ ደግነታቸው ነው ብዬ እየተሳቀቅኩ ነበር። ቱቦውን ስቀበላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። «በከተማው ክልል ውስጥ የሚገኘው ቡልዶዘር በማን እጅ እንዳለ ተጣርቶ ይገለጽልን» የሚል ደብዳቤ። ደብዳቤ መዝግቦ የሚመራው ማነው? እኔ። በሥርዓቱ መዘገብኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ «የልዩ ልዩ ጉዳዮች ልዩ ልዩ» የሚል ፋይል ከፍቼ ከተትኩት። እዚያ የገባ ወረቀት ጌታ ራሱ ቢፈልገው አያገኘውም። አስታዋሽ ደብዳቤም መጣ። እሱንም አጠገቡ አስተኛሁት።

ባለቤቴ ዶዘሩን አንድም ቀን ማሽን ብላው አታውቅም፤ ለእሷ ግድግዳ ነው። ወጥ ቤት ስትሠራ የፊቱን መግፊያ ብረት የጀርባ ግድግዳ አደረገችው፤ ሦስቱን ጎን በቀርከሃ ዘጋች። ዶሮዎቿን መቀመጫው ላይ አስፈለፈለች። ሽንት ቤቱን ከኋላው አስቆፈርን። በቀኝ መኖሪያ ቤታችን አለ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ ሳስብ በየት እንደሚወጣ አንድ ቀን አላሰብኩም። ቦታ ሲሰጠን ጥግ ጥጉን መሙላት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነበርን።

ባትሪ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተውሰን ቅዳሜ ጠዋት አስነሳሁት። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ቀጥሎ የአይጥ ጎጆ ተፋ፣ ከዚያ መሬቱን እያንቀጠቀጠ ተነሳ። ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው በረሩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጭሱ ነው እንዳልል ጭሱ ወደ ሌላ በኩል ነበር።

ባለቤቴ ጭልፋ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች።

«በየት ልታወጣው ነው?» አለች።

አጠፋሁት። ዞሬ አየሁ። ከፊት ወጥ ቤት፣ ከኋላ ሽንት ቤት፣ በቀኝ ልጆቻችን የሚተኙበት ክፍል።

«በወጥ ቤቴ ታወጣውና፣ እሱ ያብስልልህ!» አለች።

የቀረው በግራ በኩል የአዛውንቱ አጥር ነው። ዛፋቸውን ነቅዬ፣ ደጃፋቸውን ደፍኜ፣ ሦስት ዓመት ዋሽቼ፣ አሁን ደግሞ አጥርዎን ላፍርስ ልል ነው። ምን አፍ አለኝ? ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ልናገር ወሰንኩ። ፊቴን ታጥቤ ዞር ስል አጥሩ የለም። አዛውንቱ የቀርከሃውን ማሰሪያ ፈትተው፣ አጥሩን እንደ ሰሌን ጠቅልለው ወደ ጎን አጋድመውታል። መሃል ቆመው በእጃቸው «ና» ይሉኛል።

አስነስቼ፣ መግፊያውን ከወጥ ቤቱ ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ ወደ ግራ ዞሬ ገባሁ። መሪ መጎተቻዎቹን የእንቁራሪት መጽሐፍ ያስተማረው ሰው እንደዚያ አይዝም፤ እጄ ራሱ አጋለጠኝ። እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ከክምሩ ሥር አደረሱኝ። ቆሙ። አፈሩን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት።

«በል፣ ሥራህ ጨርስ» አሉ።

ሞተሩን ቀነስኩ።

«አባባ… ያወቁኝ መቼ ነው?»

«ጣትህ ስትመታ ቀን። ፊትህ እኔ ረስቷል፤ ያኔ ብዙ አቧራ አለ። ስድብህ ግን አይረሳም። የመጨረሻው ማንጎ እንቢ አለ፣ ሥሩ ትልቅ ነው፤ አባቴ ነው የተከለ። አንተ "የጅብ እራት" አለ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዛፉ ወደቀ። እኔ እዚህ ቆሟል።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ብነግርህ ትሸሻለህ። መካናው ማን ይሠራል?»

ልሸሽ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ሻዩም፣ ብሎን ማጠቡም፣ የኩርሙኩም ቱቦ ይህችን ጠዋት ሲጠብቁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ እንደዚያም ቀልሎኝ አያውቅም። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። የሰሙት አይመስለኝም፤ ሞተሩ ይጮኻል። ወይም ሰምተው ትተውታል።

መግፋት ጀመርኩ። እየተሽኮረመምኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ የአፈሩን ጫፍ ጫፍ። ክምሩ መሃል ስደርስ ዶዘሩ አቃሰተ፣ ሰንሰለቱ ባዶውን ተንሸራተተ፣ ቆመ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ሞከርኩ፤ አፈሩ ንቅንቅ አልል አለ። ላብ አጠመቀኝ። ዝም ብዬ መጎተቻውን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ።

አዛውንቱ ዱላቸውን አነሱ።

«ስደብ እንጂ!» ብለው ጮኹ። «ያኔ ሰድበህ ነው የሄደ!»

ልስቅ ስል አለቀስኩ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ «አንተ የጅብ እራት!» አልኩት፤ ዶዘሩን ልበል ራሴን እንጃ። ሰንሰለቱ ነክሶ ያዘ፣ ክምሩ ተሰነጠቀ፣ ከወዲያ በኩል የአዛውንቱ ቤት በር ታየኝ።