የጋሼ ደምሴ ጉድጓድ፤ ኦፓል ፍለጋው በተመለሰበት ግሼ

ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ ሳይነጋ ሞላ፤ እኔም በሁለት የገብስ ከረጢቶች መካከል ተሸጉጫለሁ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ለበዓል ነው ወንድሜ?» አለኝ። «ለኦፓል» ስለው ሳቀ። «አንተም? ሰዉ ሁሉ ወደ ጉድጓድ ሊመለስ ነው እኮ!»

በልጅነቴ ግሼ ያለው ተራራችን በቆፋሪ የተሞላ ነበር። አጎቴ ጋሼ ደምሴ ከጉድጓድ ሲወጡ ያንን ቡናማ የጌጥ ድንጋይ በምራቃቸው አርሰው ወደ ፀሐይ ያዞሩልናል፤ ውስጡ ቀይና አረንጓዴ ሲንቀለቀል በደስታ እንጮሃለን። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። አንድ ክረምት ጉድጓዱ ተደረመሰባቸው። አስከሬናቸው አልወጣም፤ ልብሳቸውን ዘርግተን አለቀስን። ቁፋሮውም በዚያው ቀረ።

ረፋድ፣ ሞላሌ

ገበያ ነው። በግ፣ ሽንኩርት፣ ጭቃ። ሻይ በትኩስ የገብስ ዳቦ ቀማምሰን ጉዞ ቀጠልን።

ከሰዓት፣ ጓሳ

ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ጋሼ በፈረስ አፈናጠው ያሳለፉኝ በዚህ ነው። ያኔ መንገዱ የማያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ቶሎ አለቀብኝ።

በማግስቱ፣ ግሼ

ሽማግሌዎቹና የወጣት ቆፋሪዎቹ መሪ ታደሰ የአጎቴ ሚስት እትዬ ብርቄ ደጅ ተሰበሰቡ። በእኛ አገር ሰው የዋጠ ተራራ ያለ ሟች ቤተሰብ ቃል አይነካም።

«ብርቄ፣ ቃልሽን ስጪን» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እሰጣለሁ፤ መጀመሪያ የእሱን ጉድጓድ ከቆፈራችሁ። ድንጋዩን እናንተ ውሰዱ፤ እኔ ባሌን ቤተ ክርስቲያን ልቅበረው።»

ታደሰ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ አፈሩ ልል ነው፤ ሌላ ሰው ይበላብናል።»

«እንግዲያስ ሁሉም እንደተዘጋ ይቅር።»

በታደሰ ተናደድኩ፤ ግን ልጁ እውነቱን ነው። ወደ ተራራው ዞሮ አየና «ከላይ አይሆንም። ከጎን፣ በግንድ እየደገፍን እንሞክር» አለ። እትዬ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

መልስ ጉዞ

ከሥራ የወሰድኩት ፈቃድ ቁፋሮው ሳያልቅ አለቀ። ተሳፈርኩ። ጓሳን በጉም ውስጥ ስናቋርጥ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«አገኘነው ልጄ! ቀበቶውን አወቅሁት። ቄሶቹ ለፍትሐት ቆመዋል፤ ያለ አንተ አንቀብረውም፤ ና።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። «እዚህ ጉም ውስጥ? ምን ሆነህ ነው?»

«ቀብር አለብኝ።»

«እግዜር ያጽናህ። ማን ሞቶ ነው?» ሲለኝ እንባዬ ቀደመኝ።